ራይድ ሳትለምኑ፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን በባቡርና በአውቶቡስ

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራ የሚያደርሰኝ፣ እዚህ እንደሚሉት «ራይድ» የሚሰጠኝ፣ የአክስቴ ልጅ ነበር። እሱ ከሌሊት ሽፍት ሲመለስ እኔ ለጠዋት ሽፍት እወጣለሁ። ዓይኑ ደም መስሎ፣ በአንድ እጁ ቡና በአንድ እጁ መሪ ይዞ ይነዳል። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመን እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ሲለቀው ብንን አለ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ማታ ቤት ስገባ የባቡሩን ካርታ ስልኬ ላይ አወረድኩ።

እዚህ አካባቢ ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ያለ መኪና አሜሪካ አይኖርም።» ለብዙው አሜሪካ እውነት ነው። ለዲሲና ለዙሪያዋ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሜትሮ የሚባለው ባቡር ከ1976 ጀምሮ አለ። ዛሬ 6 መስመርና 98 ጣቢያ አለው። ባቡሩ የማይደርስበት ሰፈር ደግሞ አውቶቡስ ይገባል። ውሎ አድሮ መኪና ትገዙ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ያለ መኪና ዕዳና ያለ ኢንሹራንስ ማለፍ ይቻላል። «ደርሻለሁ፣ ውረድ» የሚል ስልክ ከመጠበቅም ትገላገላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው። ስልካችሁም፣ የሥራ ፕሮግራማችሁም፣ ባቡሩም የሚቆጥሩት በዚያው ነው። አንድ ጓደኛዬ በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ «11 ሰዓት ላይ ግባ» ሲሉት የሌሊቱ 11 መስሎት ገና ሳይነጋ ሄዶ ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሟል። ሁለተኛ፣ ዋጋውና የአገልግሎት ሰዓቱ በ2025 የነበረው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው በሰኔና በሐምሌ ገደማ ስለሆነ ያኔ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

1. ካርዱን አውጡ

ካርዱ ስማርትሪፕ ይባላል። ፕላስቲኩን ጣቢያ ውስጥ ካለው ማሽን በ2 ዶላር ትገዙና ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ካደረጋችሁት ለካርዱ አትከፍሉም። አይፎን ከሆነ አፕል ዋሌት ውስጥ፣ አንድሮይድ ከሆነ ጉግል ዋሌት ውስጥ ይገባል። እኔ ፕላስቲኩን ነው የምይዘው። ከአሥር ሰዓት ሽፍት በኋላ የስልክ ባትሪ አይታመንም።

ፕላስቲኩን ከያዛችሁ በዚያው ቀን በስማችሁ አስመዝግቡት። ከጠፋ ውስጡ ያለው ገንዘብ ወደ አዲሱ ካርድ ይዛወርላችኋል። ያልተመዘገበ ካርድ ከጠፋ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ከግንቦት 2025 ወዲህ የባቡር ጣቢያው መግቢያ በር የባንክ ካርድም ይቀበላል። ለሳምንት እንግዳ በጣም ጥሩ ነው። በየቀኑ ለምትመላለሱ ግን ስማርትሪፑ ይሻላል፤ የወር ፓስም ሆነ ቅናሽ የሚጫነው እሱ ላይ ነው።

ሦስት ሕግ አለው። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተከታትለው አይገቡም። ባቡር ጣቢያ ስትገቡም ስትወጡም ካርዱን በሩ ላይ ታስነካላችሁ፤ ሂሳቡ በርቀት ስለሆነ የት እንደወረዳችሁ ማወቅ አለበት። በገባችሁበት ካርድ ነው የምትወጡት። ይህ ሦስተኛው ስልክና ፕላስቲክ ሁለቱንም የያዘ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በአንዱ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ሲል በሩ እንደተዘጋ ይቀራል።

ባቡሩ በሥራ ቀን እስከ ማታ 9፡30 ድረስ እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሁድ የፈለጋችሁትን ያህል ብትርቁ ከ2.50 አያልፍም። መደበኛው አውቶቡስ 2.25 ነው።

2. የባቡሩን አቅጣጫ በመጨረሻ ጣቢያው እወቁ

መስመሮቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፦ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ብርማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀለሙን ማወቅ ግን ግማሽ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ሁለት አቅጣጫ አለው፤ አቅጣጫው የሚጻፈው ደግሞ በመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል የሚጠራላችሁ ረዳት ነበር። እዚህ ረዳቱ ሰሌዳው ነው፤ እሱም የሚጠራው የመስመሩን ጫፍ ብቻ ነው። እናንተ መሀል ላይ የምትወርዱበትን አይነግራችሁም።

ስለዚህ ቤታችሁንና ሥራችሁን ካወቃችሁ በኋላ ሁለት ስም በቃላችሁ ያዙ። ስሄድ የምይዘው ባቡር ጫፉ የት ነው? ስመለስስ?

ይህን የተማርኩት በቀዩ መስመር ነው። ቀዩ መስመር እንደ «ሀ» ፊደል ነው። ሆዱ ዲሲ መሀል ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ ሽቅብ ወጥተው ሜሪላንድ ውስጥ ያልቃሉ። የግራው ጫፍ ሼዲ ግሮቭ ይባላል፣ የቀኙ ግሌንሞንት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በቀኙ በኩል ነው።

እኔ ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ ቆሜ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልሄድ ነው። ሼዲ ግሮቭ የሚል ባቡር መጣ። አጠገቤ ያለውን ሰው «ሼዲ ግሮቭ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሜሪላንድ» አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሜሪላንድ ነው፤ ገባሁ። ዱፖንት ሰርክል አለፈ፣ ክሊቭላንድ ፓርክ አለፈ፣ ፍሬንድሺፕ ሃይትስ አለፈ። የምጠብቀው ስም አልመጣም። ቤተስዳ ላይ ስነቃ ከመድረሻዬ በመንገድ ጥቂት ማይል፣ በባቡር ግን የሀገር ያህል ርቄያለሁ። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ባቡር የለም። ፐርፕል ላይን የሚባል ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ኒው ካሮልተን የሚደርስ መስመር እየተሠራ ነው፤ 16 ማይልና 21 ጣቢያ ይኖረዋል። እሱ እስኪከፈት ወይ አውቶቡስ ነው ወይ እንደኔ ወደ መሀል ከተማ ተመልሶ መውጣት ነው።

ከተሳሳታችሁ ግን አትደንግጡ፤ ከበሩም አትውጡ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዳችሁ በተቃራኒው ባቡር ተመለሱ። የምትከፍሉት በገባችሁበትና በወጣችሁበት ጣቢያ መሀል ላለው ብቻ ነው። መሀል ላይ መንከራተታችሁን ካርዱ አያውቅም።

ቨርጂኒያ በኩል ሌላ ወጥመድ አለ። ሰማያዊውና ቢጫው ከፔንታገን በሬገን ኤርፖርት አልፈው እስከ ኪንግ ስትሪት በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ቢጫው ሃንቲንግተን፣ ሰማያዊው ፍራንኮንያ ስፕሪንግፊልድ። አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ከሆነ የምትወርዱት የመጣውን ያዙ። ከዚያ አልፋችሁ ከሆነ ቀለሙን አይታችሁ ግቡ። እንዲሁ ብርቱካኑ፣ ሰማያዊውና ብርማው በዲሲ መሀል አንድ መስመር ይጋራሉ። ከሮዝሊን እስከ ስታድየም አርመሪ ከሦስቱ ማንኛውንም ብትይዙ ለውጥ የለውም።

ባቡር የሚቀየርባቸውን ትላልቆቹን ጣቢያዎች እወቁ። ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀዩ ከብርቱካኑ፣ ከሰማያዊውና ከብርማው ጋር ይገናኛል። ጋለሪ ፕሌስ ላይ ቀዩ ከአረንጓዴውና ከቢጫው። ላንፋንት ፕላዛ ላይ ከቀዩ በስተቀር ሁሉም አለ። ባቡር ስትቀይሩ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ በር ላይ ካልወጣችሁ።

3. ጣቢያ ውስጥ

ኤስካሌተር ላይ ከቆማችሁ በቀኝ ቁሙ። ግራው ለሚሮጥ ሰው ነው። ጠዋት 8 ሰዓት ላይ በግራ ቆማችሁ ስልክ ካያችሁ ከኋላችሁ የምትሰሙት «ኤክስኪውዝ ሚ» በጣም ጨዋ አይሆንም። ዊተን የሚባለው ጣቢያ ያለው ኤስካሌተር 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ይፈዛል። ፎረስት ግሌን ደግሞ ከመሬት በታች 60 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኤስካሌተር የለውም፤ በአሳንሰር ብቻ ነው የሚወረደው። ጋሪ የያዘች እናት ወይም ሻንጣ የያዘ ሰው በየጣቢያው አሳንሰር ያገኛል።

ባቡር መቆሚያው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አራት ነገር ይነግራችኋል። መጀመሪያ የመስመሩ ቀለም በሁለት ፊደል፣ ቀጥሎ የፉርጎው ብዛት፣ ከዚያ የመጨረሻ ጣቢያው፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ደቂቃ። የፉርጎ ብዛቱን ሰው አያየውም። 8 ከሆነ ባቡሩ መቆሚያውን ከጫፍ ጫፍ ይሞላል። 6 ከሆነ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው መሮጡ ነው። መሀል አካባቢ ከቆማችሁ በሁለቱም ትድናላችሁ።

ባቡሩ ሲቃረብ ከእግራችሁ ሥር፣ የመቆሚያው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ክብ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። ያኔ ወደ ኋላ ራቅ በሉ። በሩ ሲከፈት ወራጅ ይቅደም። «ዶርስ ክሎዚንግ» ካለ ደግሞ ቦርሳችሁን አስገብታችሁ ለማስቆም አትሞክሩ። የባቡሩ በር እንደ አሳንሰር በር እጅ ሲነካው ወደ ኋላ አይመለስም። የሚቀጥለው ይመጣል።

ባቡርና ጣቢያ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ዳቦውን ቦርሳ ውስጥ ያዙት። ስትወጡ ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ካነሰ በሩ አይከፈትም። ዳስ ውስጥ የተቀመጠውን የጣቢያ ሠራተኛ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ካርዱን ካሳያችሁት ይገባዋል።

4. አውቶቡሱን አትናቁ

ብዙ ሐበሻ ባቡሩን ለምዶ አውቶቡሱን እንደ ድሃ መጓጓዣ ያየዋል። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የምንኖርባቸውን ሰፈሮች ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክና ስካይላይን በሐበሻ የተሞሉ ናቸው፤ ባቡር ግን የላቸውም። እዚያ የሚኖር ሰው አውቶቡስ ካልቻለ ራይድ ለማኝ ሆኖ ይቀራል።

በሰኔ 2025 የሜትሮ አውቶቡሶች ስምና መስመር ከሥር መሠረቱ ተቀየረ። ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ዘመዳችሁ «70ን ያዝ» ቢላችሁ 70 የሚባል ዛሬ የለም። በጆርጂያ አቬኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ የሚወርደው እሱ አሁን «ዲ 40» ተብሏል። የፊደሉ ነገር ከገባችሁ ቀላል ነው። «ዲ» ወደ ዲሲ መሀል የሚገባ፣ «ሲ» ዲሲን አቋርጦ የሚያልፍ፣ «ኤም» ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ «ፒ» ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ «ኤ» አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ «ኤፍ» ፌርፋክስ። መጨረሻው ላይ «ኤክስ» ካለ ፈጣን ነው፤ በየፌርማታው አይቆምም።

ከሜትሮ ሌላ የየካውንቲውና የየከተማው አውቶቡስ አለ። ከእነሱ መሀል ነጻ የሆኑ አሉ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዳሽ የሚባለው ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ራይድ ኦን የሚባለው ከሰኔ 2025 ጀምሮ ነጻ ነው። ነጻ ስል ካርድ አይነካም፣ ሳንቲም አይጣልም፤ ገብቶ መቀመጥ ብቻ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ለአጭር መንገድ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለም።

አሁን ተሳፈሩ። ፌርማታው ላይ ቁሙ። የመንገዱ የትኛው ጎን እንደሆነ አረጋግጡ፤ መኪናው እንደ አገራችን በቀኝ ነው የሚሄደው። አውቶቡሱ ሲመጣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥርና መድረሻ አንብቡና እጃችሁን አንሡ። ዝም ብላችሁ ስልክ እያያችሁ ከቆማችሁ አልፏችሁ ሊሄድ ይችላል፤ አንድ ፌርማታ ላይ ብዙ ቁጥር ነው የሚቆመው። በፊት በር ግቡ፣ ካርዱን አስነኩ። ስትወርዱ አታስነኩም። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ልክ 2.25 ያዙ፤ መልስ የለም።

በካርድ የመክፈል ትልቁ ጥቅም ዝውውሩ ነው። ካስነካችሁበት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ በነጻ ትዘዋወራላችሁ። ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ወይም ከባቡር ወደ አውቶቡስ ስትሄዱም የአውቶቡሱ 2.25 ይቀነስላችኋል። በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ የገባ ይህን አያገኝም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ሳንቲም ኪሴ ውስጥ ስለሚቆጠር የቆጠብኩ ይመስለኝ ነበር።

መውረጃችሁ ሲደርስ በመስኮቱ ጥግ የተዘረጋውን ገመድ ሳቡት ወይም ቀዩን ቁልፍ ተጫኑት። ደወል ይሰማል፣ ከፊት መብራት ይበራል። «ወራጅ አለ!» የሚለው አይሠራም። ምላስ ላይ ይመጣል፣ አውቃለሁ። በኋላ በር ውረዱ።

የፊቶቹ ወንበሮች ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ ናቸው። ባዶ ከሆኑ መቀመጥ ይቻላል፤ ሲመጡ መነሣት ነው።

5. ስልካችሁን በሽፍታችሁ ሰዓት ጠይቁት

ጉግል ማፕ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አድራሻውን ጻፉ፣ ከመኪናው ሥዕል ይልቅ የባቡሩን ሥዕል ንኩ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይፈልጋል፤ «40 ደቂቃ» ይለዋል፤ ደስ ብሎት ሥራውን ይቀበላል። ሥራው ግን ጠዋት 5፡30 ነው የሚጀምረው። በዚያ ሰዓት ያ 40 ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ መንገድ የለም።

እንዲህ አድርጉ። የመነሻ ሰዓቱን ንኩና «የምደርስበት ሰዓት» ወደሚለው ቀይሩት። ቀኑን በሽፍታችሁ ቀን፣ ሰዓቱን ከሽፍታችሁ 15 ደቂቃ ቀድሞ አድርጉት። ከዚያ የመመለሻውንም መንገድ እንዲሁ ፈልጉ፤ ሽፍቱ በሚያልቅበት ሰዓት። ሁለቱም ከሠሩ ሥራውን ያዙ።

ባቡሩ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋት 5 እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ዓርብ ከ5 ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት። ቅዳሜ ከጠዋት 6 እስከ ሌሊቱ 2። እሁድ ከ6 እስከ እኩለ ሌሊት። ይህን ከሥራችሁ ጋር አስተያዩት። እሁድ 6 ሰዓት ላይ የሚጀምር የሆቴል ወይም የኤርፖርት ሽፍት በባቡር አይደረስም። ቅዳሴ ከመግቢያው ጀምሮ ማስቀደስ ለሚፈልግም ያው ነው። ለዚህ ቀን አውቶቡስ ፈልጉ፤ ዲሲ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄዱ መስመሮች አሉ። ካልሆነ በመኪና የሚሄድ ሰው ጠይቁ። በሳምንት አንድ ቀን ራይድ መጠየቅ ነውር የለውም።

ምግብ ቤት የምታመሹ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። «እኩለ ሌሊት» ማለት የእናንተ ጣቢያ ላይ የመጨረሻው ባቡር 12 ሰዓት ላይ ይቆማል ማለት አይደለም። ቀደም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በየጣቢያው የመጨረሻው ባቡር ሰዓት ተጽፏል፤ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት።

ቅዳሜና እሁድ ሐዲድ የሚጠግኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ጣቢያ ይዘጋና ሻትል የሚባል ነጻ አውቶቡስ በምትኩ ይመላለሳል። ይደርሳል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ዓርብ ማታ የሜትሮን ገጽ አንድ ጊዜ ማየት ልማድ ይሁናችሁ።

6. ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል) ከመፈረማችሁ በፊት

ከሁሉም ምክሬ ይህኛውን ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሌላው በ200 ዶላር የሚረክስ ቤዝመንት አገኘ። ቤቱ ንጹሕ፣ አከራዮቹ ሐበሾች፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ። ጸጥታው ከየት እንደመጣ ያወቀው በመጀመሪያው እሁድ ነው። አውቶቡሱ በሥራ ቀን በሰዓት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ እሁድ የለም። የመጀመሪያውን ወር የኡበር ወጪ ስንደምረው 200 ዶላሩ ጥሎት ሄዶ ተጨማሪ 90 ዶላር ወስዷል።

ቤት ስታዩ በመኪና ብቻ አትሂዱ። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሂዱ። ከፌርማታው እስከ በሩ በእግራችሁ ቁጠሩት፤ ከ10 ደቂቃ ከበለጠ በጥር በረዶ አስቡት። የእግረኛ መንገድ አለ? ማታ መብራት አለ? ፌርማታው ላይ ስንት ቁጥር ተጽፏል? አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ሲቀር እናንተም ቀራችሁ። ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ቤት ይወደዳል። ሁለት ጥሩ አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰፈር ግን ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፤ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

7. ከደለስ ኤርፖርት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ብርማው መስመር እዚያ ይደርሳል። ከተርሚናሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ጥቂት ደቂቃ ተሂዶ ጣቢያው ይገኛል። እስከ ዲሲ መሀል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሥራ ቀን እስከ 6.75፣ ቅዳሜና እሁድ 2.50። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ሴንተር ላይ ወርዳችሁ ግሌንሞንት የሚለውን ቀይ ያዙ። ለአሌክሳንድሪያ ሮዝሊን ላይ ወደ ሰማያዊው ቀይሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ በርበሬና ሽሮ የሞላ ሁለት ሻንጣ ይዛችሁ ከመጣችሁ ያን ቀን ራይድ ለምኑ።

8. የሚከፈለውን መቀነስ

በሳምንት አምስት ቀን የምትመላለሱ ከሆነ የወር ፓስ ያዋጣችኋል። ዋጋው የአንድ ጉዞ ሂሳብ በ32 ሲባዛ ነው። ጉዟችሁ 2.25 ከሆነ ፓሱ 72 ዶላር ነው። በወር 22 ቀን ደርሶ መልስ 44 ጉዞ ይሆናል፤ በየቀኑ ብትከፍሉ 99 ዶላር ነበር። የሜትሮ አውቶቡስም አብሮ ያለ ገደብ ይካተታል። ከዚያ የራቀ ጉዞ አንድ ቀን ከመጣ ልዩነቱን ብቻ ትከፍላላችሁ።

ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚያገኝ ሰው ሜትሮ ሊፍት በሚባለው ፕሮግራም ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ በአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ድረስ፣ በነጻ ናቸው። የዲሲ ተማሪዎችም የራሳቸው ነጻ ካርድ አላቸው፤ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ዕድሜው 65 የሞላ ደግሞ የሲኒየር ካርድ አውጥቶ ግማሽ ይከፍላል። ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይዞ መቅረብ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት ለጥየቃ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንን ነው። ካርዷን መሀረቧ ውስጥ ቋጥራ ትይዘዋለች። ማስነካት ሲደርስ ቋጠሮው እስኪፈታ ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

አንድ ቅዳሜ በዲ 40 ወደ ዩ ስትሪት ይዣት ሄድኩ፤ እዚያ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን አንዱ ጋ ቁርስ ልጋብዛት። ስለ ገመዱ አስረድቻታለሁ፤ ሁለቴ አሳይቻታለሁ። ፌርማታችን ሲቃረብ እጄን ወደ ገመዱ ሰደድኩ። ቀደመችኝ።

«ወራጅ አለ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞረ። ሹፌሩ በመስታወቱ ቀና ብሎ አየን፣ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ያዘና «እሺ እማማ» አለ።